ዳገት አልወጣም ያለችው ፒካፕ

ስሙኝማ። ልጆችም ስሙ፣ አዋቂዎችም ስሙ፤ መሐላ የሚቀናችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ስሙ።

ሰኞ ገበያ በምትባል ከተማ፣ ከጉራ አምባ ዳገት ግርጌ፣ ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። ደብሪቱ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጓዳዋ ውስጥ ያለው ሃያ ጆንያ የድንች ዘር ዳገቱን ወጥቶ፣ ጉራ አምባ ላይ ታርሶ የሚጠብቃት መሬት ውስጥ እንዲገባ። ሌላ ምንም አልፈለገች። ዘሩ ጉንቁል አውጥቷል። ጉንቁሉ ዛሬ የጥፍር ያህል ነው። የጣት ያህል ከሆነ ሲነኩት ይሰበራል፤ ከተሰበረ ዘርነቱ ቀረ፣ የዓመቱ ቀለብም አብሮ ቀረ። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሯል። ክረምቱ አንዴ ከገባ የጉራ አምባ መንገድ ጭቃ ነው፤ እስከ መስከረም መኪና አያስወጣም።

ለዚህ የምትሆን አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለች። የደብሪቱ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ለሁለቱ ወንዶች ልጆቹ እኩል ነው የተወላቸው። ታላቁ አንዳርጌ ይነዳል። ታናሹ ውባንተ ከኋላ ይጫናል፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስገባል።

ጆንያውን ጫኑ፣ አማተቡ፣ ተነሡ። አንደኛውን ኩርባ ወጣች። ሁለተኛውን ኩርባ ወጣች። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ውባንተ ድንጋይ አስገባ፤ ድንጋዩ ተፈናጠረ። ሌላ አስገባ፤ እሱም ተፈናጠረ። በሦስተኛው፣ በጎማዋና በእግሩ መካከል አንድ ስንዝር ሲቀር ቆመች።

«አንተ ደንቆሮ! ፍሬን የለህም?» ብሎ ጮኸ ውባንተ።

«ድንጋይ ማስገባት እንኳ ካቃተህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጮኸ አንዳርጌ።

እየተሰዳደቡ ወረዱ። ጆንያዎቹም ወደ ጓዳ ተመለሱ። ደብሪቱ በር ላይ ቆማ «እመቤቴ ታውቃለች» አለች።

ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች። ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።

ደብሪቱ ልጆቿን አስከትላ ኑርዬ ጋራዥ ሄደች። ኑርዬ የከተማው መካኒክ ነው፤ ፒካፗን ከባሏ ዘመን ጀምሮ ያውቃታል።

«ኑርዬ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ። ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች፤ ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።»

ኑርዬ ኮፈኗን ከፈተ፣ አስነሣት፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «እታለም፣ ጉልበትስ አላት። የሌላት ትንፋሽ ነው። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየር ካነሰ ናፍጣው በቅጡ አይነድም፤ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በግድ አየር የሚነፋላት ዕቃ ይግባላት።»

«ይግባላታ!»

«ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቱርቦ ይባላል፣ አንዱ ሱፐርቻርጀር ይባላል። ሁለቱንም ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ በአውቶብስ ይልክልኛል። የትኛው ይምጣ?»

ጉድ የፈላው ይኼን ጊዜ ነው።

«ቱርቦ!» አለ አንዳርጌ።

«ሱፐርቻርጀር!» አለ ውባንተ።

«አንተ ስለ ሞተር የምታውቀው ስልክ ላይ ያየኸውን ነው።»

«አንተ ደግሞ ከመኪናዋ የምታውቀው ጥሩምባዋን ነው። እሱንም ሴት ስታይ ብቻ ነው የምትነፋው!»

አንዳርጌ የመኪናዋን ጣሪያ በጥፊ መታው። «ሚካኤልን! ከቱርቦ ሌላ ገብቶባት መሪዋን ከነካሁ እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!»

ውባንተ በሯን በእርግጫ አላት። «ገብርኤልን! ከሱፐርቻርጀር ሌላ ገብቶባት ከኋላዋ ከተጫንኩ እኔም የአባቴ ልጅ አይደለሁም!»

በሁለት ሊቃነ መላእክት ማሉ። ስለ አንዲት የመኪና ዕቃ! ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

ኑርዬ መፍቻውን ሣጥኑ ውስጥ ወረወረው። «ሁለት አዛዥ ያለው ሞተር አልፈታም! ባለፈው ፍሪሲዮኗን ስሠራ አንዱ አጥብቅ አለኝ፣ አንዱ አላላ አለኝ፤ ሲንሸራተት ሁለቱም እኔን ሰደቡኝ። ወላሂ አልፈታም! ተስማምተው ይምጡ።»

ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች። ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።

በማግስቱ ደብሪቱ አንዳርጌን መኪናዋን ሲያጥብ አገኘችው።

«ልጄ፣ አንተ ታላቅ ነህ፣ እሺ በለኝ። ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች፤ ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።»

«እማዬ፣ ቱርቦ ምን እንደሆነ ገብቶሻል? የሚሽከረከረው መኪናዋ ተፍታ በምትጥለው ጭስ ነው። ከላይ፣ አየር ሲጠፋ ነው የሚደርስላት። የእሱ ሱፐርቻርጀር ግን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይታሰርና ከራሷ ጉልበት እየወሰደ ነው የሚነፋው። ናፍጣ የምቀዳው እኔ! መሪ ጨብጬ የምውለው እኔ! እሱ ምን አገባው?»

«ይሁን፣ ለእኔ ስትል።»

«በሚካኤል ምያለሁ እኮ! ቃሌን አላጥፍም!» አለና የባልዲውን ውኃ መንገድ ላይ ቸለሰው። የደብሪቱ ቀሚስ ረጠበ። ይቅርታ እንኳ አላለም።

አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች። ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።

ደብሪቱ ቀሚሷን ጨምቃ ወደ ውባንተ ሄደች።

«ልጄ፣ አንተ ታናሽ ነህ፣ ለወንድምህ እሺ በልለት። አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች፤ ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።»

ውባንተ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። ቅልጥሙ ከላይ እስከ ታች ተልጧል።

«ይኼን አየሽው? ይኼ የባለፈው ወር ነው። ቱርቦ መኪናዋ ቆማ ስትነሣ ያንቀላፋል። ጭስ እስኪበዛለት ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ መኪናዋ ወደ ኋላ ትመጣለች። ከኋላ ያለው ማነው? እኔ! ሱፐርቻርጀር ግን ነዳጁን እንደረገጡት ነው የሚነፋው። ናፍጣ ትለካለህ፤ የወንድምህን እግር ግን አትለካም በይው!»

«በማርያም! እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስነግር ማን ይሰማኛል? በገብርኤል ምያለሁ። ከእሱ አላንስም!»

ውባንተ ከአንዳርጌ አላንስም አለ፣ አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች። ጉንቁሉ ግን ይረዝማል። ደብሪቱም «እመቤቴ ታውቃለች» አለች፤ አሁን ግን በጥርሷ መሃል ነው።

አጎታቸው አያ ተገኘ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ የዕድር ዳኛም ነው። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ፣ ስንቱን ድንበርተኛ ያስማማ ሽማግሌ ነው። የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች ሲያስጠግን አገኘችው።

«አያ ተገኘ፣ አስታርቅልኝ። ውባንተ ከአንዳርጌ አላንስም አለ፣ አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች፤ ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።»

«መሐላ አለበት?»

«አለበት።»

«በማን?»

«አንዱ በሚካኤል፣ አንዱ በገብርኤል።»

አያ ተገኘ ካፖርቱን ወደ ራሱ ሰበሰበ። «መሐላ ባይኖርበት በአንድ ጠዋት በጨረስኩት። አሁን በሚካኤልና በገብርኤል መሃል ገብቼ የማንን ልጥል ነው? መሐላ አፍርሰህ አስማማህ ብለው መላእክቱ ነገ በእኔ ይመጡብኛል። አላስታርቅም! ቄስ ይፍታቸው።»

«ያንተው የወንድምህ ልጆች እኮ ናቸው!»

«አላስታርቅም አልኩሽ፣ አላስታርቅም!»

ተገኘ አላስታርቅም አለ፣ ውባንተ ከአንዳርጌ አላንስም አለ፣ አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች። ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።

የነፍስ አባቷ ቄስ ፈንታሁን ያሉት ጉራ አምባ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ደብሪቱ ሰኞ ጠዋት ደወለችላቸውና ማን በማን፣ ስለ ምን እንደማለ ነገረቻቸው።

«አባቴ፣ መሐላ ይፍቱልኝ። ተገኘ አላስታርቅም አለ፣ ውባንተ ከአንዳርጌ አላንስም አለ፣ አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ዳገት አልወጣም አለች፤ ጉንቁሉ ግን ይረዝማል።»

«ወለተ ኪዳን» አሉ ቄሱ በክርስትና ስሟ፣ «መሐላ በስልክ አይፈታም። መስቀል ግንባራቸውን መንካት አለበት። ይዘሻቸው ነይ።»

«አንዱ ባለበት አንዱ አይደርስም፣ አባቴ። እርስዎ ይውረዱልኝ።»

«ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኛል፤ በእግሬ አልወርድም። ፒካፗን ላኪልኝና እመጣለሁ።»

ደብሪቱ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ፒካፗማ ዳገት ብትወጣ እርስዎን ምን ብዬ አስቸግርዎታለሁ!»

በዕድሜዋ ቄስ ላይ ጮኻ አታውቅም። አማተበች። ግን ይቅር ይበሉኝ አላለችም፤ ስልኩን ዘጋችው።

ቄሱ ያለ ፒካፗ አልወርድም አሉ፣ ተገኘ ያለ ቄሱ አላስታርቅም አለ፣ ውባንተ ከአንዳርጌ አላንስም አለ፣ አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አለ፣ ኑርዬ ሳይስማሙ ሞተር አልፈታም አለ፣ ፒካፗ ያለ ትንፋሽ ዳገት አልወጣም አለች። ዞሮ ዞሮ እዚያው ፒካፗ ጋ ደረሰ! ከላይ ቄስ፣ ከታች ፒካፕ፣ መሃል ላይ አንዲት እናት።

ጓዳ ገባች። ከጆንያው አንድ ድንች አነሣች። ጉንቁሉ ቀጭ ብሎ መዳፏ ላይ ቀረ።

«በቃኝ!» አለች ደብሪቱ።

ሩብ ኩንታል ያህል ዘር በሌላ ጆንያ ቀነሰች። በገመድ ጠፍራ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ወጣች። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ገበያው ጢም ብሏል። በጓሮ መሄድ ስትችል በገበያው መሃል አለፈች።

ሴቶቹ መሥፈሪያቸውን አስቀመጡ። «ውይ! ደብሪቱ አይደለችም እንዴ? ልጆቿ ምን ሆኑ?»

«ደኅና ናቸው!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ጥርሳቸውም ጤና ነው፣ ጉልበታቸውም ጤና ነው!»

አንዳርጌ ከሻይ ቤት ሮጦ ወጣ። «እማዬ! ምን ነካሽ? አገር እያየን! አውርጂው፣ እኔ ልያዘው!»

«አላወርድም!»

ውባንተ በሌላ በኩል ደረሰባት። «እማ፣ ስጪኝ በናትሽ!»

«በናትሽ አትበለኝ! እስካሁን የማልከው አነሰህ?»

አያ ተገኘ ከዕድሩ ቤት ብቅ አለ፤ ኑርዬ መፍቻውን እንደጨበጠ ከጋራዡ ወጣ። ደብሪቱ መንገዱ መሃል ቆመች። ጀርባዋ ጎብጧል፤ ዓይኗ ግን ቀጥ ብሏል።

«ቄሱ አልወርድም አሉ! አንተ ተገኘ አላስታርቅም አልከኝ! አንተ ውባንተ አላንስም አልከኝ! አንተ አንዳርጌ ቃሌን አላጥፍም አልከኝ! አንተ ኑርዬ አልፈታም አልከኝ! ያቺ መኪናችሁም አልወጣም አለችኝ! ሁላችሁም ተራ በተራ እምቢ አላችሁኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ጆንያዬን አላወርድም! ሃያውንም በጀርባዬ አወጣዋለሁ። ሁለት ጎረምሳ ወልዳ ጆንያ የምትሸከመውን ሴት ሰው ሁሉ ይያት!»

ብላ ዳገቱን ተያያዘችው።

ልጆቿ ከኋላ ከኋላዋ ባዶ እጃቸውን ተከተሏት። የሰው እጅ ባዶ ሲሆን ያን ያህል ይከብዳል ብለው አስበው አያውቁም። ተገኘና ኑርዬም ተከተሉ። ተገኘ እያለከለከ ስልኩን አወጣ። «አባ ፈንታሁን፣ ይውረዱ! የወንድሜ ሚስት ጆንያ አዝላ ወደ እርስዎ እየመጣች ነው። ቀና ብዬ ሰው ማየት አቅቶኛል። በቅሎም ይሁን አህያም ይሁን ለምነው ይውረዱልን!»

አንደኛውን ኩርባ ወጣች። አላወረደችም። ሁለተኛውን ኩርባ ወጣች። አላወረደችም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አንዳርጌ መሬቱን አየ። ጎማው የተንሸራተተበት መስመር አለ፤ በመስመሩ ላይ የወንድሙ የጫማ ምልክት አለ። መሪ ላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም። አቀርቅሮ አለፈ። አራተኛው ኩርባ ላይ ደግሞ፣ ሁልጊዜ በመኪና የሚያልፈው ውባንተ ትንፋሽ አጥሮት ጉልበቱን ይዞ ቆመ። አየሩ ሳንባው አይደርስ አለ። ደብሪቱ ዞራ ሳታይ አለፈችው።

አምስተኛው ኩርባ ላይ ቄስ ፈንታሁን በተውሶ በቅሎ ወርደው ደረሱ። ከበቅሎዋ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው አቃሰቱ፤ ከዚያ ጆንያውን አዩ፣ ወንዶቹን አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሚካኤልን ለቱርቦ? ገብርኤልን ለሱፐርቻርጀር? መላእክቱ ጋራዥ የከፈቱ መሰላችሁ? ተንበርከኩ!»

ተንበረከኩ። ቄሱ በመስቀሉ ግንባራቸውን ነኩ፣ መሐላውን ፈቱ፣ አርባ አርባ ስግደት አዘዙ። «ከአንቺም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ወለተ ኪዳን። ቀድሞ መውረድ ነበረብኝ» አሉ። ተገኘ ሁለቱን አንገት ለአንገት አሳቀፋቸው። ሁሉም ተነፈሰ።

«እንግዲህ» አለ አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሱፐርቻርጀር ይግባ። የእግርህን ነገር አይቻለሁ።»

«የለም፣ ቱርቦ ይግባ» አለ ውባንተ። «ከላይ ትንፋሽ እንደሌለ አሁን ገብቶኛል።»

«ሱፐርቻርጀር ይግባ አልኩህ!»

«ቱርቦ አልኩህ! መቼ ነው የሰው የምትሰማው?»

«እንዲያውም ሚካ—»

«ዝም በል!» አለች ደብሪቱ። ገደሉ መልሶ ዝም በል አለ። በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን አቆመች።

«ኑርዬ! ቱርቦ ምን ይበላል?»

«ጭስ። መኪናዋ የምትጥለውን።»

«ሱፐርቻርጀርስ?»

«ከሞተሯ ጉልበት።»

«ይኼ ማንቀላፋት የሚሉትስ? የሚጎዳው የልጄ እግር ነው።»

«ትንሹን ቱርቦ ካስመጣሁ ቶሎ ይነቃል። ደግሞ በድንጋዩ ፈንታ ረጅም እጀታ ያለው የብረት ታኮ እበይድለታለሁ፤ ከጎን ቆሞ ነው የሚያስገባው፣ ከኋላ አይቆምም።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አልተናገርክም?»

«የትኛው ብለው ተጣሉ እንጂ፣ እንዴት ብሎ የጠየቀኝ መች ነበረ?»

ደብሪቱ ልጆቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ቱርቦ ይግባ። የሚጣለውን የሚበላው ይግባ። ከጉልበት የሚበላማ ሁለት ወልጃለሁ!»

ደብሪቱ ገመዱን ፈታች። ጆንያውን አወረደች።

ደብሪቱ አላወርድም ብትል ቄሱ ወረዱ። ቄሱ ቢወርዱ መሐላው ተፈታ፣ መሐላው ቢፈታ ተገኘ አስታረቀ፣ ተገኘ ቢያስታርቅ ውባንተ ለአንዳርጌ፣ አንዳርጌም ለውባንተ እሺ አለ። እነሱ እሺ ቢሉ ኑርዬ ሞተሩን ፈታ፣ ሞተሩ ቢፈታ ቱርቦው ገባ፣ ቱርቦው ቢገባ ሐሙስ ጠዋት ፒካፗ ጆንያዋን ጭና ተነሣች።

አንደኛውን ኩርባ ወጣች። ሁለተኛውን ኩርባ ወጣች። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አመነታች። ውባንተ ታኮውን ይዞ ወረደና «አላልኩም?» ሊል አፉን ከፈተ። አንዳርጌ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ።

«አፋችሁን!» አለች ደብሪቱ ከጋቢናው።

ሁለቱም ገጠሙ። በዝምታው መሃል ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ፉጨቱ ወፈረ። ጎማዋ ጠጠሩን ነከሰ። አራተኛውን ኩርባ ወጣች፣ አምስተኛውን ኩርባ ወጣች፣ ጉራ አምባ ሜዳ ላይ ወጥታ ቆመች።

ደብሪቱ ከእርሻው ዳር ወረደች። ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች፣ የመጀመሪያውን ድንች ጉንቁሉን ወደ ላይ አድርጋ ትልሙ ውስጥ አስቀመጠችና አፈር አለበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ «ምን ተገትራችኋል?» አለች ልጆቿን። «ሰማዩን አታዩም? ያዙ እንጂ!»

ያዙ። ዝናቡ የመጣው የመጨረሻው ትልም ከተከደነ በኋላ ነው።

እኔም ወሬዬን እዚያው ዳገቱ ጫፍ ላይ ትቼው ወረድኩ፤ የፈለገ ወጥቶ ይውሰደው።